ለክረምት የተጀመረ ጋቢ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴትዮ ጎሚስታዬ በር ላይ ቆማ፣ "ሸማኔው ቦታ ቀየሩ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። በእጇ የያዘችው ፌስታል በልቃቂት ጢም ብሏል፤ ተፈትሎ የተጠቀለለ የእጅ ክር ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን የቆርቆሮ በርና በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ታያለች፤ መልሳ እኔን ታያለች።

"አረፉ" አልኳት።

"ምን? መቼ?"

"ሐምሌ ላይ።"

"ውይ እኔን!" አለችና ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቀፈችው። ልቃቂቱን አየት አደረገችና፣ "እና አሁን ይሄን ማን ይሥራልኝ?" አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ይቅር ይበለኝ! ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ስለ ክር አወራለሁ።"

"ግድ የለም" አልኳት። "እሳቸውም ቢሆኑ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት ስለ ክሩ ነበር።"

ላጽናናት ብዬ አይደለም፤ እውነቴን ነው። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ጎማ መለጠፉ አልሆንልኝ አለ። እኔ እጄ ሥራ እንቢ ሲለኝ አፌ ያወራል፤ የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ ጻፍኩት።

ጋሽ አልታዬና እኔ አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተዋስነን ኖረናል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከግድግዳው ወዲያ የእሳቸው መኖሪያና ሸማ ቤት፣ ከግድግዳው ወዲህ የእኔ ጎማ ቤት። በዕድሜ ሃያ ዓመት ይበልጡኛል። አባቴ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ጓደኛዬ ነበሩ።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ኮምፕሬሰሬን አስነስቼ ጎማ ስነፋ አንድ አጭር ሰውዬ መጥተው ፊቴ ተገተሩ። በጠራራ ፀሐይ ጉልበታቸው ድረስ የሚደርስ ካፖርት ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሯል።

"አንተ ልጅ፣ ያ ማሽንህ ሲጮኽ እግሬ ይሳሳታል" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አፌ አያርፍም። "ሸማኔ በእጁ አይደል እንዴ የሚሠራው? እግርን ምን አገባው?" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ክንዴን ይዘው እየጎተቱ ቤታቸው አስገቡኝና የሚሠሩበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ አስቀመጡኝ። እግርህን ወደ ታች ትሰዳለህ፤ ታች በእግር የሚረገጡ ሁለት ገመዶች አሉ። አንዱን ስትረግጥ ግማሹ ድር ይነሳል፣ ሌላውን ስትረግጥ የተቀረው ይነሳል፤ መወርወሪያው በመካከል ያልፋል። "በል ሥራ" አሉኝ። አምስት ጊዜ እንኳ ሳልወረውር ክሩን እንደ ዶሮ አንጀት አወሳሰብኩት። ጋሽ አልታዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"አሁን ገባህ? እጅ ዝም ብሎ ይወረውራል፤ የሚያስበው እግር ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውል ገባን። ኮምፕሬሰር ከማስነሳቴ በፊት ግድግዳውን ሦስቴ አንኳኳለሁ፤ እሳቸው እግራቸውን ከገመዱ ያነሳሉ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አላጓደልኩም። ዛሬም እጄ ሳላዘው ሄዶ ያንኳኳል፤ መሞታቸው ትዝ የሚለኝ ካንኳኳሁ በኋላ ነው።

ጋሽ አልታዬን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው አውራ ጣታቸውን ነው። ያገኙትን ጨርቅ ሁሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሐል አድርገው ሳያሹ አያልፉም። ሰላም ሲሉኝ የሸሚዜን ኮሌታ ያዝ ያደርጉና፣ "ይሄ ሸሚዝህ ውሸታም ነው፤ ጥጥ ነኝ ይላል" ይሉኛል። አንድ ጊዜ ፒያሳ ለመሄድ አብረን ታክሲ ተሳፍረን፣ ከፊታችን የተቀመጠች ወይዘሮ የነጠላዋ ጫፍ በወንበሩ ጀርባ ወደ እኛ ወርዶ ነበር። እጃቸው አላስችል አለውና ያዙት። ሴትየዋ ዞር ብላ፣ "ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው ይሄ!" ብላ ጮኸች። ታክሲው በሙሉ ዞረ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

"ይቅርታ የኔ እመቤት" አሉ ረጋ ብለው። "ይሄን ነጠላ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠርዙ ላይ አንድ ክር ስቻለሁ፤ ሲከነክነኝ ነው የኖረው። ቅዳሜ አምጪው፣ ላስተካክልልሽ።"

"ከሱቅ እኮ ነው የገዛሁት! እርስዎ መሥራትዎን በምን አወቁ?"

"ልጄ ይጠፋኛል እንዴ?" አሉ። ታክሲው በሳቅ ሞላ። ሴትየዋ ቅዳሜ ነጠላዋን ይዛ መጣች።

ክር ማንበብም ያውቁ ነበር። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ሴቶች ከየቤታቸው የፈተሉትን ይዘው ሲመጡ ልቃቂቱን ጥቂት ፈታ ያደርጉና በጣቶቻቸው መሐል እያሳለፉ ይናገራሉ። "አንቺ ችኩል ነሽ።" "ይሄን ስትፈትይ አሞሽ ነበር እንዴ?" "እዚህ ጋ ከሰው ተጣልተሻል።" አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ታማትባለች። እኔ መጀመሪያ ላይ፣ "ጋሼ፣ ጥንቆላ ጀመሩ?" እያልኩ አሾፍባቸው ነበር።

ማሾፌን የተውኩት አንዲት ወጣት ሴት የመጣች ቀን ነው። ልቃቂቶቿን አንድ በአንድ እያዩ ቆዩና አራተኛው ላይ ሲደርሱ፣ "እጅ ተቀየረ" አሉ። "እስከዚህ የፈተለችው ሌላ ሴት ናት። በዕድሜ የገፋች ናት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ክሯ ግን ወተት ነው። ከዚህ ወዲያ ያንቺ ነው።" ልጅቷ እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቷ ጀምራው ሳትጨርስ ሞታባት ነው። ጋሽ አልታዬ አላባበሏትም፤ ማባበል አይችሉበትም። የእናትየዋን ክር ለብቻ፣ የልጅቷን ለብቻ አስቀመጡና፣ "የእናትሽን ፊትሽ በሚያርፍበት በኩል አደርገዋለሁ" አሏት። እንዳሉትም አደረጉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ራሳቸው ጋቢ አልነበራቸውም። እንጦጦ ሥር ክረምት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ስንቱን ሰው ያለበሱት ጋሽ አልታዬ የሚተኙት የነብር ሥዕል ባለበት የቻይና ብርድ ልብስ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ "የራሴን ሥራ ለብሼ ልተኛ? ጣቴ ስህተት ሲፈልግ ያድራል" ይሉኛል።

"የሌላ ሰው ሥራ ይግዙዋ!"

"የሌላ ሰውማ ስህተቱ ይብሳል።"

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ግን፣ እኔ ዘንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ቀልዱን ትተው እውነቱን ነገሩኝ። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ ነው። ከአጎታቸው ጋር ከጨንቻ አዲስ አበባ ሲገቡ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ሚስታቸው፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጥጥ ስታይ የሚያስነጥሳት ሴት ነበረች። "ስድሳ ዓመት ክር ያዝኩ፤ ሁሉም የሰው ነው" አሉ። "ለአልታዬ ተብሎ የተፈተለ ክር በእጄ አልፎ አያውቅም።" ያሉት ለማሳዘን አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ ተነስተው ወደ ሥራቸው ገቡ፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት፣ ወይም የረሳሁት መሰለኝ።

አምና የገና ሰሞን ታመሙ። "ሆዴን ነው፣ ያልፋል" እያሉ ጥቂት ቀን ደበቁን። ከዚያ ሆስፒታል ገቡ፤ ጥር ሳያልቅ ወጡ። ሴት ልጃቸው ብርሃኔ በር ላይ ጠብቃኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጉበቱ ድረስ ደርሷል አሉ። ቤቱ ሆኖ ይረፍ ነው የሚሉት። ፋሲካን መድረሱን እንጃ" አለችኝ። ይህን እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ሐኪሙን አፍጥጠው ጠይቀውታል።

ጠያቂ አልጠፋም። የዕድሩ ሰዎችም፣ ደንበኞችም ሙዝና ብርቱካን፣ የታሸገ ጁስ ይዘው ይመጣሉ። "እግዜር ይማርዎት" ይላሉ። ከዚያ እርስ በርስ ዞረው፣ "አልታዬ እኮ እንዴት ያለ ሰው ነበር!" ይባባላሉ፤ እሳቸው እዚያው ተኝተው እየሰሙ። ሰው በሽተኛ ፊት የሚናገረው ነገር ያናድደኛል። አንድ ቀን ጠያቂዎቹ ወጥተው ሲያልቁ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

"አየህ ይሄን ሙዝ? ለነገ የማይቀመጥ ነገር ብቻ ነው የሚያመጡልኝ።"

ሳቅን። ግን ቀልዱ ሆዴ ገብቶ ቀረ። ብርሃኔ ያን ካፖርት አንስታ፣ "አባዬ፣ ልጠብልህ?" ስትላቸው፣ "ለማን?" ነው ያሏት። ሰኞ ላይ ሆነው የቅዳሜን ሥራ የሚያቅዱት ሰው ስለ ነገ ማውራት ትተው ነበር። በሽታው ካደረሰባቸው ሁሉ እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ጋቢ ልግዛላቸው ብዬ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ሻጩ ወፍራም ያማረ ጋቢ ዘርግቶ ሲያሳየኝ ሳላስበው ጠርዙን በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ ልክ እንደ እሳቸው። ያኔ ገባኝ። ይህን ብወስድላቸው አንድ ጊዜ በጣታቸው ያሳልፉና የሠራውን ሸማኔ በስሙ ይጠሩልኛል። ለማንም ተሠርቶ የተሰቀለ፣ እኔ ባልገዛው ሌላ የሚገዛው መሆኑንም ያውቃሉ። ታዲያ ከሙዙ በምን ተሻለ? ባዶ እጄን ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ጥጥ የምትሸጥ ሴት አየሁና ባዘቶ፣ ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ፣ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ።

ሚስቴ አስካለ ከረጢቱን ስታይ፣ "ለማን ነው?" አለችኝ።

"ለጋሽ አልታዬ፣ ለጋቢ።"

"ጎሽ! ማን ይፈትለዋል?"

"እኔ።"

ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ፊቴን አየችው። "የምርህን ነው? አንተ እኮ ቁልፍ መትከል የማትችል ሰው ነህ። ወዲህ በል፣ እኔ ልፍተልልህ።"

"አንቺ ከፈተልሽው ስጦታው ያንቺ ሆነ ማለት ነው።"

"ታደለ፣ ስማኝ። እኔ ራሴ ዛሬ ብጀምር ለአንድ ጋቢ እስከ ግንቦት ነው። አንተ ከሆንክማ ክረምት ይገባል። ጋሽ አልታዬ ደግሞ..." ብላ ተወችው።

"ክረምት ድረስ ይቆያሉ።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም! እንዝርቱ እንዴት ነው የሚያዘው? አሳዪኝ በቃ።"

በእኛ አገር ፈሪ ወንድ፣ "ሂድና ጥጥ ፍተል" ተብሎ ይሰደባል። እኔ ማንም ሳይሰድበኝ ሄጄ ፈተልኩ። መጀመሪያ ቤቴ፣ በኋላ ደግሞ ጊዜው እያጠረኝ ሲመጣ ሥራ ቦታ፣ ከጎማዎቹ ጀርባ ተደብቄ። ግን ጎሚስታ የት ይደበቃል? አንዱ የታክሲ ሹፌር ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ እንዝርት ጭኔ ላይ ሳሾር አገኘኝ።

"ታዴ፣ በሰላም ነው?"

"ጎማህ ተንፍሶ ከሆነ ተናገር፣ አለዚያ መንገድህን ቀጥል።"

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ሽሮ ሜዳ ገባ። ሹፌሮቹ በበሬ ሲያልፉ ክላክስ እየነፉ፣ "እቴቴ፣ በርቺ!" ይሉኛል። ጠባዬን የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደቻልኩት ይገርመዋል። እኔንም ይገርመኛል።

ክሬ ግን አስቀያሚ ነበር። ጋቢ የሚለሰልሰው ማጉ፣ ማለትም በድሩ መሐል የሚመላለሰው ክር፣ ላላ ብሎ ሲፈተል ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሁሉ የማውቀው የላላ ነገር እንደሚያፈስ ነው። ጎማም፣ ብሎንም፣ ሁሉም ነገር መጥበቅ አለበት። እንዝርቷን አሾራታለሁ፣ አልጠግብምና እንደገና አሾራታለሁ። አስካለ፣ "አላላው አንተ ሰውዬ! ገመድ ነው እንዴ?" እያለች ጉሮሮዋ ደረቀ። እሺ እላለሁ፤ እጄ ግን መልሶ ያከርረዋል። በዚያ ላይ በሳሙናም በነጭ ጋዝም ብታጠብ የጎማው ጥቁረትና የመለጠፊያው ማስቲሽ ሽታ ከእጄ አይለቅም።

ማታ ማታ ከመዝጋቴ በፊት ብርሃኔን፣ "ዛሬ በሉ?" ብዬ እጠይቃታለሁ። "ትንሽ" ካለችኝ ደስ ይለኛል፤ "እንቢ አለ" ካለችኝ በማግስቱ ቶሎ ቶሎ እፈትላለሁ። ቶሎ ስፈትል ይበጠሳል። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ የፈራሁበት ወቅት የለም፤ ከሞታቸው ጋር እሽቅድምድም የገባሁ ነበር የሚመስለኝ። ፋሲካ መጣ፤ ጋሽ አልታዬ አሉ። አንድ ማንኪያ የዶሮ መረቅ ቀመሱ ስትለኝ እኔ ያዳንኳቸው ያህል ኮራሁ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ዘጠኝ ልቃቂት ደርሻለሁ። ለጋቢ ገና ግማሽ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብርሃኔ እየሮጠች መጣች።

"ጋሽ ታደለ፣ እባክዎ ይድረሱልኝ። አባዬ ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ አይናገርም። እርስዎ ምናልባት..."

ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ከጎማው ጀርባ ፌስታሉን አንስቼ ተከተልኳት። ያልተሠራ፣ ግማሽ የሆነ፣ የሚያሳፍር ስጦታ ይዤ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና፣ "ጋሼ፣ ክር የሚያይልኝ ሰው ፈልጌ ነው" አልኳቸው።

"ዓይኔ ደክሟል" አሉ፣ ሳይዞሩ።

"በዓይንዎ ነበር እንዴ የሚያዩት?"

አንዱን ልቃቂት መዳፋቸው ውስጥ አስቀመጥኩ። እጁ እንደተዘረጋ ብዙ ቆየ። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል አውራ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ። ጫፉን ፈለገና አገኘው።

"ይህቺ ሴትዮ..." አሉ።

"አቤት?"

"ይህቺ ሴትዮ ክፉ ናት። ክሩን አንቃዋለች።"

ብርሃኔ በር ላይ ቆማ እኔን አየችኝ። ዝም በይ አልኳት በምልክት።

"ባሏ እንዴት ይኖራል?" አሉ ጋሽ አልታዬ። "እጇ ሻካራ ነው፤ ጥጡ እየያዘው ተነጭቷል። እዚህ ጋ ትታው ተነስታለች። እዚህም ጋ። ሰው ቶሎ ቶሎ ይጠራታል። ሱቅ ነገር አላት።" ልቃቂቱን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱት። አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት።

"ማስቲሽ" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በክርናቸው እየተደገፉ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ?"

"እኔ ነኝ።"

ሳቃቸው ከየት እንደመጣ እንጃ። ሆዳቸውን እያመማቸው፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ፤ ብርሃኔ ታፈነብኝ ብላ ሮጣ ያዘቻቸው። ሲያባራላቸው ልቃቂቱን አገላብጠው አዩት።

"ለምንድነው?"

"ለጋቢ። ለእርስዎ።"

"መቼ ጀመርከው?"

"ከሆስፒታል የወጡ ሳምንት።"

"ሐኪሙ ያለኝን አልሰማህም ነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምተህ ነው ጋቢ የጀመርከው?"

"አዎ።"

ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑና አለቀሱ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ሚስታቸውን ሲያነሱ እንኳ። እኔም አለቀስኩ። ምን ይደበቃል?

"የሚመጣው ሁሉ የዛሬን ያመጣልኛል" አሉ ቆይተው። "አይከፋኝም፣ እውነታቸውን ነው። ጋቢ ግን ስንት ወር እንደሚፈጅ ለእኔ አይነገረኝም። አንተ ጥር ላይ ሆነህ የክረምት ልብስ ጀመርክልኝ። እኔ ራሴን ጨርሼ ቀብሬ ሳለሁ፣ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ይኖራል ብሎ ይፈትልልኛል።"

"ፈትሉ ግን መጥፎ ነው፣ ጋሼ።"

"መጥፎ ነው" አሉ ወዲያው። "በጣም መጥፎ ነው። የፍሬን ሽቦ ነው የፈተልከው።" ከዚያ ወደ ብርሃኔ ዞሩ። "አጥሚት አለ?"

እሷ እየሮጠች ስትወጣ ትእዛዝ ጀመሩ። የቀረውን አስካለ ትፍተል፤ በእኔ ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመትም አይደርስም። ማን ይሠራዋል ስላቸው ብርድ ልብሱ ሥር እግራቸውን ትንሽ አንቀሳቀሱና ተዉት። ከዚያ፣ "ማዳ" አሉ።

ጋሽ ማዳ ከመንገዱ ማዶ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ጋሽ አልታዬ ሥራቸውን በደንበኛ ፊት አሽተው፣ "ይሄ ጠርዝ ጠጅ ቤት አድሮ ነው የመጣው" ስላሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ተባብለው አያውቁም። ልቃቂቶቹን ይዤ ስሄድ አገላብጠው አዩና፣ "ይሄን ማን ፈተለው? ድሬን ሊቆራርጠው እኮ ነው!" አሉ። የማን ጋቢ እንደሆነ ስነግራቸው ፌስታሉን ከእጄ ተቀበሉ። "በእጄ ያለውን ልጨርስ። ማክሰኞ እጀምራለሁ።"

ከዚያ በኋላ ሥራዬ መልእክት ማመላለስ ሆነ። "ጠርዙን አጥብቆ አይሳብ በለው" ይላሉ ጋሽ አልታዬ። መንገድ ተሻግሬ እነግራለሁ። "መሥራት ከፈለገ ይምጣ በለው" ይላሉ ጋሽ ማዳ። ተሻግሬ እመለሳለሁ። ጋሽ አልታዬ በየቀኑ፣ "የት ደረሰ?" ይሉኛል። እንደ ጥንቱ ማክሰኞን፣ ቅዳሜን፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ይቆጥሩ ጀመር። ሰውነታቸው እያለቀ ነበር፤ አንድ ፍሬ ልጅ አክለዋል። ግን አጥሚቱን ይጠጣሉ፣ ብርሃኔን ይቆጣሉ፣ ያን ካፖርት ታጥቦ እንዲሰቀል አዘዙ።

ጋቢው ያለቀው የሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ነው። ጋሽ ማዳ ራሳቸው በላስቲክ ጠቅልለው አመጡትና በሩ ላይ ሲደርሱ አልገባም አሉ፤ ክፈፉ ሥር ቆመው ቀሩ። ይዤ ገባሁ። ጋሽ አልታዬ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ያዙ። ክንዳቸው መዘርጋት ስላልቻለ እኔ ጨርቁን ቀስ እያልኩ ሳብኩላቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው መሐል አለፈ። "ይሄ የአስካለ ነው... ይሄ ያንተ... ያንተ... አቤት ያንተ!" መጨረሻው ላይ ሲደርሱ፣ "ጠርዙ ደህና ነው" አሉ።

ወጥቼ ለጋሽ ማዳ ነገርኳቸው።

"ደህና ብቻ?"

"ደህና ብቻ።"

"አልታዬ የሰው ጠርዝ ደህና ነው ብሎ አያውቅም" አሉና በዝናቡ ውስጥ፣ ምንም ሳይከልላቸው፣ እየተዝናኑ ሄዱ። በማግስቱ ገብተው አጠገባቸው ሲቀመጡ አየኋቸው።

ጋሽ አልታዬ ጋቢውን ሃያ ሁለት ቀን ለበሱት። ሲያርፉ ብርሃኔ ልትመልስልኝ ፈልጋ ነበር፤ አልተቀበልኩም፣ አሁን የምትለብሰው እሷ ናት። ከሃያ ሁለቱ ቀን ግን ከዓይኔ የማይጠፋው የመጀመሪያው ነው፤ ያን ከሰዓት፣ ቆርቆሮው በዝናብ እየተደበደበ፣ እኔና ብርሃኔ ጋቢውን አራት አድርገን ስናለብሳቸው።

ከብዷቸዋል። እኔ ያከረርኩት ክር ጨርቁን እንደ ምንጣፍ አክብዶታል፤ በዚያ ላይ እሳቸው አጥንት ብቻ ቀርተዋል። ደረታቸው ጋቢውን ለማንሳት ሲታገል አየሁ። ይህን ሁሉ ወር ለፍቼ ሰው የማያስተነፍስ ነገር ነው የሠራሁላቸው ብዬ አፈርኩ። ብርሃኔም አየች፤ እጇን ሰድዳ ጫፉን ገለጥ ልታደርገው ጀመረች።

"አባዬ፣ ከበደህ። ትንሽ ላንሳልህ።"

ጋሽ አልታዬ ዓይናቸውን አልገለጡም። ከውስጥ በሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዘው ወደ አንገታቸው ሳቡት።

"ተዪው" አሉ። "ይክበደኝ።"